እናቴ ጋልጋሉ ላይ የወጣችበት ቀን

አንድ ሽታ ድንገት መጥቶ፣ የት ቆማችሁ እንደነበር፣ ማን አጠገባችሁ እንደነበረና ምን እንደለበሰ ሁሉንም አንድ በአንድ አስታውሷችሁ፣ ያን ጊዜ የተሰማችሁን ስሜት ብቻ ሳያመጣላችሁ ቀርቶ ያውቃል? እኔን በቅርቡ ገጥሞኛል። የደነዘዘ እግርን በእጅ እንደመንካት ነው፤ እግሩ የራሴ መሆኑን አያለሁ፣ እነካዋለሁ፣ ግን መነካቱ አይሰማኝም። ነገሩን በሥርዓቱ ለማስረዳት እንድችል ከክፍሌ ልጀምር።

የማስተምረው እዚሁ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ ውስጥ አራተኛ ክፍል ነው። የዳስ በዓል ዕረፍት አልቆ ልጆቹ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ሉና ፓርክ የሚባለው የመዝናኛ ስፍራ ሄደው ስለነበር፣ ከሁሉ አብልጠው የወደዱትን መጫወቻ ከነምክንያቱ እንዲነግሩን ጠየቅኳቸው። ምክንያት መስጠትን ማስተማር ደስ ይለኛል፤ ልጅ «ወደድኩት» ማለትን ከማንም ይማራል፣ «ምክንያቱም» ማለትን ግን ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስተምረው ይገባል። አንዲት ልጅ የተራራውን ባቡር መረጠች፤ ቁልቁል ሲወርድ ሆዷ ከኋላዋ ቀርቶ በኋላ የሚደርስባት ስለሚመስላት ነው አለች። አንዱ የሚጋጩትን መኪኖች አለ፤ ታላቅ ወንድሙን መግጨት የሚፈቀድለት እዚያ ብቻ ነው። ሌላው ከመጫወቻዎቹ ይልቅ ወረፋውን እንደወደደ ነግሮን ሁላችንም ሳቅን፣ እሱ ግን አልሳቀም፤ አባቱ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ከእሱ ጋር የሚያወራው ወረፋ ላይ ሲቆሙ ነው። ከዚያ አንዷ «ሃሞራ፣ አንቺስ?» አለችኝ። ሃሞራ መምህርት ማለት ነው።

መስኮቱ ክፍት ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ነፋሱ ከጋን ሽሙኤል የጭማቂ ፋብሪካ በኩል እየነፈሰ፣ የተጨመቀ ብርቱካን ልጣጭ ሽታ፣ ግማሹ ጣፋጭ ግማሹ የተቃጠለ የሚመስለውን ያንን ሽታ ይዞ ገባ። «ጋልጋሉን» አልኳቸው ሳላስበው። ጋልጋል የምንለው ዙሪያውን ወንበር የተንጠለጠለበትን፣ ቀስ ብሎ እየዞረ ሰውን ከምድር ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ምድር የሚመልሰውን ትልቁን ክብ ነው። «ለምን?» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ እንዳስተማርኳቸው። አፌን ከፈትኩ፤ ምክንያት ግን አልነበረኝም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ናሕሊኤል የሚባለው የሐደራ ሰፈር ነበር። ክረምት ሲገባ፣ ማለትም እዚህ አገር ዝናቡና ብርዱ አብረው ሲመጡ፣ ያ የብርቱካን ሽታ ወደ ቤታችን ይገባና እስከ ፀደይ አብሮን ይከርም ነበር። አባዬ በኢንዱስትሪ ዞኑ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን እየጫነና እያወረደ ይሠራ ነበር። እማዬ የሽማግሌዎች ቤት እያጸዳች ትውልና፣ ማታ ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ ስልኩን ታይ ነበር። አያቴ፣ የእሷ እናት፣ ጎንደር ቀርታ ወደዚህ የምትመጣበትን ተራ ትጠብቅ ነበርና፣ እማዬ ከስልኩ ጋር እንደ ሰው ነበር የምትኗኗረው።

አባዬ አንድ ሕግ ነበረው። እኔና ታናሽ ወንድሜ አቪ አማርኛውን እየጣልን ዕብራይስጡን ብቻ ስናነሳ ጊዜ፣ ከማንኛውም ጉዞ ስንመለስ ማታ አስቀምጦን «የቱን ወደድክ? ለምን?» ብሎ በየተራ ይጠይቀን፣ እኛም በአማርኛ ብቻ እንመልስ ነበር። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄደን ስንመለስ፣ በፀደይ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠን በልተን ስንመለስ፣ አንድ ጊዜ እንኳን ጥርስ ሐኪም ቤት ሄደን ስንመለስ ጠይቆናል። አቪ ሁልጊዜ «ምክንያቱም ኬፍ ነው» ይል ነበር፤ ኬፍ ደስታ ማለት ነው። አባዬም ሁልጊዜ «ኬፍ ምክንያት አይደለም፤ ኬፍማ ውሻም ያውቃል» ይለው ነበር። ሕጉ እማዬንም ይመለከት ነበር፣ እሷ ግን አንድም ቀን አልመረጠችም። «እኔማ ሁሉንም» ብላ ሰሃን ማንሳት ትጀምራለች። አባዬ «ሁሉንም መልስ አይደለም» ቢላት፣ «ታዲያ አትጠይቀኝ» ትለው ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ እማዬ የምትመርጠውን ሁሉ አያቴ እስክትመጣ ያቆየችው ይመስለኛል።

በበጋው፣ ሐደራ በእርጥብ ሙቀት ታፍና ልብስ ገላችን ላይ ሲጣበቅ፣ የአያቴ ተራ እንደቀረበ ተሰማ። እማዬ የእኛን ክፍል አልጋዎች አጠጋግታ ለሦስተኛ አልጋ ቦታ አወጣችና አልጋውን አስገባች። ገበያ ሄዳም ሰፋ ያለ ሰንደል ጫማ ገዛች፤ የእናቷን እግር ልክ በመዳፏ ነበር ያወቀችው። እጇን ጫማው ውስጥ ከትታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ «ይሆናታል» አለች። ጫማው ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ተቀመጠ። በዚያው ሰሞን ማትናስ የምንለው የሰፈሩ መሰብሰቢያ፣ በዳስ በዓል መካከል ቤተሰቦችን በአውቶቡስ ሉና ፓርክ እንደሚወስድ አስታወቀ። እኔና አቪ የሰማነውን ወሬ ሁሉ እየሰበሰብን፣ የትኛው መጫወቻ እንደሚያስፈራ፣ የትኛው ላይ እንደሚያስመልስ ስንከራከር በጋው አለቀ።

መኸር መጣ፣ በዓሉም ገባ። አሁን የምነግራችሁን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር፤ ኋላ ከሰዎች ለቃቅሜ ነው በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩት። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ለአባዬ ሥራ ቦታ ሳለ ከጎንደር ተደወለለት። አያቴ አርፋለች፣ ነገ ትቀበራለች። አባዬ ወደ ቤት አልመጣም፤ በቀጥታ ወደ ቤተ እስራኤል ቄሳችን ሄደ።

መርዶን ለምታውቁት ሁሉ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለማታውቁት ላስረዳ። መርዶ የሞት ወሬ ብቻ አይደለም፤ ወሬው የሚነገርበት ሥርዓትም ነው። በእኛ ዘንድ ሞት መንገድ ላይ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን ሳለም አይነገርም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ በማለዳ ሰውየው ቤት ድረስ ሄደው ያረዱታል። እስከዚያው የሰማ ሁሉ እንዳልሰማ ሆኖ ይኖራል። በበዓል ደግሞ ልቅሶ አይቀመጡም። ስለዚህ ቄሱ መርዶው በዓሉ ሲወጣ ይሁን ብለው ወሰኑ። አባዬ ጉዞውን ልተወው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። «ቢቀር ሚስትህ ምክንያቱን መጠየቋ አይቀርም፣ ደግሞ ልጆቹም አሉ» አሉት። ኋላ እሱ እንደነገረኝ፣ ከበሩ ሲወጣ መልሰው ጠርተውት «ሂዱ። ብቻ፣ ብቻዋን እንዳትቆም» አሉት።

ወሬው በዚያው ምሽት ናሕሊኤልን አዳረሰ፤ የእኛን ቤት ብቻ አልፎ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ውስጥ የሰፈራችን ሰው ሞልቶ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ፣ ከማንም ጋር ወንበር የማይካፈሉት፣ የመስኮቱን ቦታ ለእማዬ ለቀቁላት። አንዷ የተላጠ ብርቱካን ትሰጣታለች፣ ሌላዋ ነጠላዋን ታስተካክልላታለች፣ ፀሐይ ሲመታት ደግሞ ሁለት ሴቶች አንድ መጋረጃ ሊስቡላት ይሻማሉ። እማዬ መጀመሪያ ተገረመች፣ ቀስ በቀስ ግን ፊቷ ተፈታ።

«ዛሬ ምን ነካችሁ?» አለች እየሳቀች። «እንደ አራስ ያዛችሁኝ እኮ!»

«ዝም ብለሽ ብይ» አሉ እትዬ ትርንጎ። «አጥንት ብቻ ሆነሽ የለም እንዴ።»

ሉና ፓርክ ውስጥም እንደዚያው ሆነ። እናቶቻችን ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥላ ሥር ተቀምጠው ቦርሳ ይጠብቁ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን እማዬ የሄደችበት ሁሉ ይከተሏት ጀመር። እሷ የሚሽከረከሩትን ፈረሶች ልይ ካለች ሁሉም ፈረሶቹን ያያሉ። የሚወዛወዘው መርከብ ላይ ስትወጣ፣ እትዬ ትርንጎ እንደሚያዞራቸው እያወቁ አብረዋት ተሳፍረው፣ ወርደው አጥር ይዘው ቆሙ። «ምነው፣ የማይስማማዎት ከሆነ ቢቀሩ ኖሮ?» ብትላቸው፣ «አንቺ ወጥተሽ እኔ ልቀር?» አሏት። አባዬ ምንም አልተሳፈረም። የሁሉንም ቦርሳ ትከሻው ላይ ደርድሮ፣ ከእማዬ ትንሽ ራቅ ብሎ ይከተል ነበር።

ጋልጋሉን ስታይ እማዬ ቆመች። ወደ ላይ አንጋጣ ብዙ ከቆየች በኋላ «እዚህ ላይ እወጣለሁ» አለች። እናቴ ለራሷ አንድ ነገር ስትፈልግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ይመስለኛል። ወረፋው ረጅም ነበር፤ የሰፈራችን ሰዎች ግን ቦታቸውን እየለቀቁ «ብርቄ ትቅደም፣ ብርቄ ትቅደም» ብለው እማዬን በስሟ እየጠሩ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ፊት አሳለፏት፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። ሌሎች ሰዎች በዕብራይስጥ ሲያጉረመርሙ፣ እትዬ ትርንጎ በአማርኛ መለሱላቸው፤ የገባው ባይኖርም የተቃወመ አልነበረም።

ወንበሩ ከመሬት ተነሳ። ዛፎቹ አጠሩ፣ ጣሪያዎቹ ታዩ፣ ከጣሪያዎቹ ወዲያ ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ አብለጨለጨ። እማዬ ግን ባሕሩን አላየችም። ወደ ታች ነበር የምታየው። ከእኛ ሰው ማንም አልተሳፈረም፤ ሁሉም አጥሩ ሥር ተሰብስበው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ እኛ አንጋጠዋል። እማዬ እጇን አውለበለበችላቸው። ጥቂት ዘግይተው፣ ሁሉም አንድ ላይ እጃቸውን አነሱ።

«እያቸው እስቲ» አለችኝ እየሳቀች። «ሙሽራ የሚሸኙ አይመስሉም?»

አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር። ጋልጋሉ ለሌሎቹ ከዞረው የበለጠ ዞረልን። ወደ ምድር ስንቃረብ ሊቆም ነው ብዬ እግሬን አዘጋጃለሁ፣ እሱ ግን በሰዎቹ ፊት አሳልፎን እንደገና ወደ ላይ ይወስደናል። አባዬን የማሽኑ ሠራተኛ አጠገብ ቆሞ አየሁት። የተበላሸ ነገር ያለ መስሎኝ ፈራሁ፣ እማዬ ግን ስትስቅ አየኋትና እኔም ፍርሃቱን ተውኩት።

ማታ ቤት ስንገባ አባዬ ሕጉን አላነሳውም። ያነሳው አቪ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ምክንያት ሲያዘጋጅ ውሎ ሊቀርበት አልፈለገም። የሚጋጩትን መኪኖች እንደወደደ ተናገረ፤ «ምክንያቱም መሪው በእጄ ነበር» አለ፣ ኬፍም አላለም። እኔ መርከቡን አልኩ። ቀጥሎ እማዬ፣ ሰሃን ሳታነሳ፣ «እኔ ጋልጋሉን» አለች።

ሁላችንም ዞረን አየናት። «ለምን?» አለ አቪ።

«ከላይ ሆኜ ሳይ ሰዎቻችን ሁሉ ወደ እኔ ያዩ ነበር። ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም» አለች። ከዚያም አልጋው ሥር ወዳለው ካርቶን አየት አድርጋ «እናቴ ስትመጣ አሳፍራታለሁ» አለች።

አቪ ወደ አባዬ ዞረ። እሱም ጋልጋሉን እንደወደደ ነገረን። ምክንያቱን ስንጠይቀው «ሌላ ቀን» አለና ደረጃው ላይ ሊቀመጥ ወጣ። ሕጉን ሲያፈርስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዓሉ በወጣ በማግስቱ፣ ገና ሲነጋ፣ በራችን ተንኳኳ። ቄሱ ከፊት፣ ከኋላቸው እትዬ ትርንጎ፣ ከእሳቸው ኋላ እስከ ደረጃው ታች ድረስ የሰፈሩ ሰው ቆሟል። እማዬ በሩን ከፍታ፣ ያንኑ ፊት ሁሉ፣ ያንኑ አፍ ላይ የተያዘ ነጠላ ስታይ፣ ማንም ቃል ሳይናገር ገባት። አልጮኸችም። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየችና «ያን ቀን ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለች።

«በዓል ነበር፣ ልጄ» አሉ ቄሱ።

ዞራ አባዬን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር። እማዬም ሄዳ ተቀመጠች፤ ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበው ሲያለቅሱ፣ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የሌላ ሰው ልቅሶ የመጣች እንግዳ ትመስል ነበር።

ዝናቡ መጣ፣ የብርቱካኑም ሽታ ተከትሎት መጣ። በዚያ ክረምት ያደረግኩትን እንጂ የተሰማኝን አላስታውስም። ትምህርት ቤት እሄድ ነበር፣ ማባዛት ተማርኩ፣ ዳቦ ስበላ የዳቦ ጣዕም ነበረው። እማዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ስትመጣ ግን ስልኩን አታይም፣ ጫማዋን አውልቃ ቁጭ ትላለች። ከአባዬ ጋር አይጣሉም ነበር፤ «ጨው አቀብለኝ»፣ «በሩን ዝጋ» ይባባላሉ፣ ድምፃቸውም ከፍ አይልም። አባዬ «የቱን ወደድክ?» ብሎ መጠየቁን ተወ፤ እኛም አላስታወስነውም። ሦስተኛው አልጋ ወጣ። ሰንደል ጫማውን ማን እንደወሰደው አላውቅም። በሚቀጥለው መኸር ማትናሱ ጉዞ ሲያዘጋጅ እማዬ ሥራ አለኝ ብላ ቀረች፤ ከዚያም በኋላ ባለው፣ ከዚያም በኋላ ባለው።

እነዚህን ዓመታት ሁሉ ቤታችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ነበር፣ ማንም ግን አይጠይቀውም። ያ ቀን የእናቴ ነበር ወይስ የተሰረቀባት? ስለወደዷት ነው የተከተሏት ወይስ ስለደበቁባት? አባዬ ደገሰላት ወይስ አታለላት? እኔ ለልጆች ሁሉን የማስረዳው፣ ይህን ለራሴም ማስረዳት ሳልችል ነበር ያደግኩት።

ክፍሌ ውስጥ አፌን ከፍቼ በቀረሁበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወላጆቼ ጋ ሄድኩ። ሁለቱም ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ነበር። አባዬ መጋዘኑን ከተወ ቆይቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል። እማዬ ብርቱካን እየላጠች ነበር። ስለ ተማሪዎቼ ነገርኳቸው፣ ወረፋውን ስለወደደው ልጅ ስነግራቸው አባዬ ሳቀ። ከዚያ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ «እማዬ፣ አንቺስ የቱን ወደድሽ?» አልኳት።

ቢላዋው ቆመ፣ ቀጥሎም መላጡን ቀጠለ።

«ነግሬያችሁ የለም? ጋልጋሉን።»

«ለምን?»

ልጣጩ ሳይቆረጥ ረዝሞ ጠረጴዛው ላይ እስኪተኛ ድረስ ላጠች። «እናቴ በዚያ ቀን ነው የተቀበረችው» አለች። «እዚያ መድረስ አልችልም ነበር። ሰው ግን ሁሉ ቆሞልኝ ነበር። ለቀስተኛው ሙሉ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት።» ከዚያ ወደ አባዬ ዞራ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «አንተስ? ምክንያቱን ሌላ ቀን ብለህ ነበር» አለችው።

አባዬ ጉልበቱን ሲያሽ ቆየ። «ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰውዬ ለመንኩት» አለ። «አንድ ዙር ጨምርላት አልኩት። ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ዙር አልኩት።»

«ምን አልከው?» አለችው።

«የማውቀውን ዕብራይስጥ ሁሉ አልኩት» አለ። «እንዳትወርጂ ፈልጌ ነበር።»

እማዬ ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለችው፣ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት፣ የእሷንም መብላት ጀመረች። እሱም በላ።

የተለየ ነገር ተሰማኝ ብል እዋሻለሁ። ቁጭ ብዬ ሁለት ሽማግሌዎች ብርቱካን ሲበሉ አየሁ። ያን ጊዜ ቤታችን ጠባብ ነበር፣ ሰው ይሞላው ነበር፣ ጥያቄም ይበዛበት ነበር፤ አሁን ሰፊ ነው፣ ጸጥም ብሏል፣ ሽታው ግን ያው ነው። በማግስቱ፣ እሑድ እዚህ አገር የትምህርት ቀን ነውና፣ ክፍል ገብቼ ለልጆቹ የቀረብኝን ምክንያት ሰጠኋቸው። ጋልጋሉን የወደድኩት ከሚገባው በላይ ስለዞረልን ነው አልኳቸው። ያቺ ጠያቂ ልጅ አሰብ አደረገችና «ጥሩ ምክንያት ነው» አለችኝ።

አሁን እናንተ ሞክሩት። ከልጅነታችሁ አንድ የተደሰታችሁበትን ቀን ምረጡ፤ ሉና ፓርክ ባይሆንም ግድ የለም፣ የባሕር ዳርቻም ይሁን የአውቶቡስ ጉዞ። በዚያ ቀን ቦርሳችሁን ይዞ ከኋላችሁ ይከተል የነበረውን ሰው፣ ዛሬም ካለ፣ አጠገቡ ተቀመጡና የቱን እንደወደደ ጠይቁት። ሲነግራችሁ «ለምን?» በሉት። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አትጨምሩ፤ እስኪመልስ ድረስ ጠብቁት።